የሂርጂ ወንበር

ቡጅ በሚሏት ከተማ፣ ከጨው በረሃው ጫፍ ላይ፣
አንዲት ወንበር ነበረች፣ ሁለት መስታወት የምታይ።
ባለቤቷ ሂርጂ ነው፤ እጁ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣
የስንቱን አገጭ ጠርቦ፣ ለሠርጉ ቀን ያደረሰ።
እኔ ጄቲ እባላለሁ፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ
ፎጣ እንዳጥብ፣ ፀጉር እንድጠርግ አስረከበኝ አባቴ።

ታዲያ ሂርጂ ጎንበስ ሲል፣ ምላጩን ይዞ ሲጠጋ፣
ደንበኛው ትንፋሹን ይውጣል፣ እስኪጨርስ እየሰጋ።
አንዱ ጣራ ይቆጥራል፤ አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፤
ማንሱክ ባለ ጎማው ደግሞ
አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ «ጉንፋን ነው» ይላል።
ሂርጂም የዋህ ነውና፣ ዝንጅብል አፍልቶ ያጠጣዋል።

ጥርሱንማ ይፍቅ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ በኒም እንጨት፣
ፊት ለፊቱን፣ ለሰው የሚታየውን፣ እስኪነጣ እንደ ወተት።
ከምሳ በኋላ ደግሞ እንስላል በእፍኙ ዘግኖ፣
ቅርንፉድ ከጉንጩ ወሽቆ፣
በሩ ላይ ብቅ ይላል፣ ልክ እንደ ሙሽራ ሆኖ።
ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን ቢያነጥፉት፣
ምንጣፉ ነው የሚበሰብስ፤ ዝናቡን መች አጠፉት።

ራምባይ ሚስቱ ሳለች፣
ጠዋት ከደጅ አቁማ፣ «እስቲ ተንፍስ» ትለዋለች።
ይተነፍሳል ፊቷ ላይ፤ እሷም ቅንድቧን ሰብስባ፣
ወይ «ተጉመጥመጥ» ወይ «ሂድ» ትላለች፣ ኮሌታውን ይዛ ስባ።
እሷ ካረፈች ወዲህ፣ አራት ክረምት አለፈና፣
«ተንፍስ» የሚለው ሰው የለም፤ ምስጋና ብቻ ምስጋና።

እኔስ? እኔማ አውቅ ነበር፣
ፎጣ ሳቀብል፣ ራሴን ወደ መስኮቱ ሳዞር።
አስተማሪዬ ነው፣ እንጀራዬ ነው፤ ማን ይናገራል ለጌታ?
አራት ዓመት ዝም አልኩ፤ ጨዋነት መሰለችኝ ዝምታ።

አንድ ቅዳሜ ጂግና መጣች፣ ስድስት ዓመት ያልሞላት።
ጉንጯን በመዳፉ ይዞ፣ የግንባር ፀጉሯን ሊቆርጥላት
ጎንበስ አለ።
«አጎቴ» አለች፣ «አፍህ ውስጥ ምን ሞቶ ነው?»
መቀሱ እንደ ተከፈተ ቆመ።
ያባቷ እጅ ለጥፊ ሲነሳ፣ ሂርጂ ነው የያዘው።
«ተዋት። የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።»
ቀና ብሎም በመስታወቱ ዓይኔን ሲፈልግ አየሁት፤
ወደ ሌላኛው ዞርኩ፤ እዚያም እሱን አገኘሁት።
«ታውቅ ነበር?» አለኝ፣ ጠርቶ በስሜ፤
የተጠረገውን ወለል መጥረግ ጀመርኩ ደግሜ።

ሰኞ ሱቁ ተዘጋ። ዶክተር ፋልጉኒ ዘንድ ሄድን።
«አፍህን ክፈት» አለችው፤ በመብራቷ አብረን አየን፦
ከመንጋጋው መጨረሻ፣ ከጥግ የተደበቀ፣
ዋሻ የሆነ አንድ ጥርስ፣ እስከ ሥሩ የደቀቀ።
ነቀለችው። ሳህኑ ላይ ኮሽ አለ፤ ትንሽ ነበር።
ይህ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን፣ ሰው የሸሸው ነገር።
«ምላስህንስ ማን ረሳው?» አለች፣ ነጭ ሽፋኑን አይታ፤
«ከሥሩ ወደ ጫፉ ፋቀው፣ ቀስ ብለህ፣ ጠዋትና ማታ።
ውሃ ጠጣ፤ የደረቀ አፍ ይሸታል፣ እንደ ደረቀ ኩሬ፤
በየጥርሱ መሃል ክር ይለፍ፣ ነገ ሳትል፣ ከዛሬ።»
ክር!
ሂርጂ ሳቀ፣ ጥጡን በድዱ እንደ ነከሰ።
ሠላሳ ዓመት በክር፣ ከሰው ጉንጭ ፀጉር ሲለቅም ኖሮ፣
ለገዛ አፉ አንድ ስንዝር እንኳ መች በጠሰ?

ማንሱክን ጉንፋኑ ለቀቀው፤
«ዝንጅብልህ ነው ያዳነኝ» ብሎ፣ እጅ ነሥቶ አመሰገነው።
ሂርጂም አላረመውም።

አሁን መጋረጃው ሳይነሳ፣ ወንበሯ ሳትወለወል፣
ፊቴ ይቆምና አንዴ ተንፍሶ፣ «እህስ?» ይላል።
«ነጭ ሽንኩርት» እላለሁ፤ ወይም «ምንም»፤
ወይም «የትናንቱ ይሻል ነበር»።

ዛሬ ግን፣ «አንተስ?» አለኝ።
ተነፈስኩ።
ቅንድቡን ሰበሰበ፤ ኮሌታዬን ሳብ አደረገና፣
የውሃውን ባልዲ በጣቱ አሳየኝ።